በሚኒሞ የሚጠፋ የቤንዚን ሞተር፦ መንስኤውን መለየትና ማስተካከል

መኪና ሲሄድ ደህና ሆኖ እግር ከነዳጅ መርገጫው ላይ ሲነሳ ወይም አደባባይ ላይ ተራ ሲጠበቅ ተንቀጥቅጦ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ ብሏል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሰጠው መፍትሔ የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ግን ሕመሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ቤንዚን በከንቱ ይፈጃል፣ አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪናም ፍሬን ሲለቀቅ ከሚገባው በላይ ወደፊት እንዲስብ ያደርገዋል። ስለዚህ ብሎኑ ከሁሉም በኋላ የሚነካ ይሁን።

ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ትሮትል የሚባለው የአየር ክዳን ሊዘጋ ጥቂት የቀረው ሲሆን፣ ዙሩም በአብዛኞቹ መኪኖች በደቂቃ ከ600 እስከ 850 ገደማ ነው። በዚህ ሁኔታ ነዳጅ ተረግጦ ሲሄድ የማይታወቅ ትንሽ የአየር ቀዳዳ፣ የደከመ ብልጭታ ወይም መጠነኛ የነዳጅ እጥረት ሞተሩን ለማጥፋት ይበቃል።

ኩፋኖውን ከመክፈትዎ በፊት አጠፋፉን ያስተውሉ። ሳይንቀጠቀጥ፣ ቁልፍ እንደተዘጋበት ቀጥ ብሎ የሚጠፋ ሞተር ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ችግር አለበት፤ ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪው ራሶች መጥበቃቸውንና ነጭ ዝገት አለመያዛቸውን ማየት ያስፈልጋል። እየተንቀጠቀጠ ቀስ በቀስ የሚሞት ከሆነ ግን በአብዛኛው የአየር ወይም የነዳጅ ጉዳይ ነው። ኤሲ ሲበራ ወይም መሪ እስከ ጥግ ሲዞር ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ የነበረበት ክፍል ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ፍሬን ሲረገጥ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የፍሬን አጋዡን ቱቦ ይጠርጥሩ።

ነዳጁንም ሳይመረምሩ ማለፍ አይገባም፤ በተለይ ቤንዚኑ በጀሪካን ወይም በሃይላንድ ተሞልቶ ከመንገድ ዳር የተገዛ ከሆነ። ከዚያው ቤንዚን ጥቂት በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፤ ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታያል። አቧራማ መንገድ የሚመላለስ መኪና የአየር ፊልትሮም ከመመሪያው ጊዜ ቀድሞ ይደፈናል።

ቀጥሎ የሚፈለገው ሞተሩ በማይገባ በኩል አየር መሳቡ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ሳይታይ የሚታለፈው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የተሰነጠቀው ቱቦ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፈው ሞተሩን ያስነሡ። አንድ ክንድ የሚያህል ቀጭን የጎማ ቱቦ ይያዙና አንዱን ጫፍ ጆሮዎ ላይ፣ ሌላውን በየመጋጠሚያው አጠገብ እያዘዋወሩ ያዳምጡ፤ አየር በሚገባበት ቦታ ላይ የፉጨት ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ለማረጋገጥ ክዳኑ በመርፌ ከተበሳ ሃይላንድ ጥቂት ውኃ በተጠረጠረው ቦታ ላይ ብቻ ይርጩ፤ የሞተሩ ዙር ለአፍታ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። አንዳንዶች ለዚህ ሥራ ተቀጣጣይ ማጽጃ ይረጫሉ፤ በጋለ ሞተር ላይ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አልመክርም። ውኃውም ቢሆን ኮይል (ለብልጭታው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ክፍል) እና የሽቦ መጋጠሚያ መንካት የለበትም። የተሰነጠቀ ቱቦ በፕላስተር አይጠቀለልም፣ ይለወጣል።

ቀዳዳ ካልተገኘ ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የአየር ቱቦውን ፈትተው ትሮትሉን ይመልከቱ። በክዳኑ ዙሪያ ጥቁር ቅባታማ ጥላሸት ካለ፣ የትሮትል ማጽጃ ፈሳሽ በጨርቅ ላይ ነፍተው በለስላሳ የጥርስ ቡሩሽ እየረዱ ይጥረጉት። ክዳኑ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ከሆነ በጣት ገፍቶ መክፈት ማርሾቹን ሊሰብር ይችላል። ከጽዳቱ በኋላ ሚኒሞው ለጊዜው ከፍና ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ ኮምፒዩተሩ አዲሱን የአየር መጠን እስኪለምድ ነው። አንዳንድ መኪኖች ግን በመመርመሪያ ማሽን እንዲለማመዱ ይፈልጋሉ።

ካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) ሲፈታ ራሱ ይናገራል፦ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና፣ ደረቅ ጥቁር ከሆነ የበዛ ነዳጅ፣ የረጠበና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከሆነ ዘይት ነው። በየካንዴላው ላይ ኮይል ባላቸው ሞተሮች ሞተሩ እየሠራ የኮይሎቹን ሶኬት ተራ በተራ ለጥቂት ሰከንድ ይንቀሉ፤ ሲነቀል በሞተሩ ላይ ለውጥ የማያመጣው ሲሊንደር በሽተኛው ነው። ወፍራም የካንዴላ ገመድ ባላቸው የቆዩ መኪኖች ግን ይህን በባዶ እጅ መሞከር አደገኛ ነው።

በካርቡራተር (ነዳጅና አየር በሚቀላቅል የቆየ መሣሪያ) ለሚሠሩ መኪኖች ከፍታም ይታሰብ። የአየሩ ግፊት 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር በእነዚህ ከፍታዎች ነዳጅ አብዝቶ ካንዴላውን ያጠቁራል። የቫኪዩም መለኪያ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል በሜርኩሪ ኢንች የሚያሳይ) የሚጠቀም መካኒክም ይህን ማስላት አለበት፤ መጽሐፉ ከ17 እስከ 21 ኢንች ቢልም በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ገደማ ስለሚቀነስ ባሕር ዳር ላይ ከ11 እስከ 15 ያሳየ ሞተር ጤነኛ ነው። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ ወጥቶ ሲቆም የሚጠፋ የቆየ መኪና ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ በሙቀት ተንኖ ሊሆን ይችላል፤ ኩፋኖውን ከፍቶ ማቀዝቀዝና የነዳጅ ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ይረዳል።

ችግሩ እስኪፈታ ድረስ ወደ አባይ በረሃ በፍሪ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ፈጽሞ አይገባም። ሞተሩ በቁልቁለቱ ላይ ከጠፋ የፍሬኑ አጋዥ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ኃይሉን ይጨርሳል፣ መሪውም ይከብዳል። በከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ይውረዱ።

ሞተሩ ሲግል ብቻ ድንገት ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ የክራንክ ሻፍት ሴንሰር (የሞተሩን ዋና ዘንግ መዞር ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ክፍል) ይጠረጠራል፤ ይህንና በዳሽቦርዱ ላይ የበራ የሞተር መብራትን በማሽን ማስነበብ ይሻላል። ኮድ ፒ0171 ነዳጅ ከአየሩ አንሷል፣ ፒ0300 ብዙ ወይም ተለይቶ ያልታወቀ ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም፣ ፒ0505 የሚኒሞ መቆጣጠሪያው ችግር አለበት ማለት ነው። ኮዱ ተጽፎ ሳይያዝ እንዳይጠፋ መካኒኩን አስቀድመው ይንገሩት።