ስልጠናው ተሰጠ፤ ሥራው ግን እንደ ድሮው ነው

ሠራተኞች ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሰልጥነው ይመለሳሉ። የቡድን ፎቶ ተነሥተዋል፣ የምስክር ወረቀት ይዘዋል፣ አበላቸውንም አወራርደዋል። ሰኞ ጠዋት ሜክሲኮ ካለው ቢሯቸው ሲገቡ ግን ሁሉም በነበረበት ይቀጥላል። የሰው ኃይል ክፍሉም ተጨማሪ ስልጠና ለማዘጋጀት ይጣደፋል። ከዚያ በፊት ችግሩ የት ላይ እንደሆነ ይለይ።

ምልክት 1፦ ሰልጣኙ ያውቃል፤ ግን አይሠራበትም

«እስቲ አሳየኝ» ሲባል ያለ ስህተት ይሠራል። እንግዲያው የጎደለው እውቀት አይደለም። ባለጉዳይ በኮምፒውተር እንዲመዘገብ የተወሰነበትን መሥሪያ ቤት እናስብ። የመስኮቷ ሠራተኛ እንደ ሰለጠነችው ትመዘግባለች። ስልጠናውን ያልተካፈሉት ኃላፊ ግን «መዝገቡን አምጪልኝ» ይላሉ፤ የሚፈርሙት በወፍራሙ መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ትጽፋለች። ሰልፉ ይረዝማል፣ ባለጉዳዩ ያጉረመርማል፤ ሐሙስ ላይ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ የፋይል ማስደገፊያ ይሆናል። እሷን ግን አልወቅስም። ሁለት ሥራ የተጫነበት ሰው አንዱን ይጥላል፤ የሚጥለውም አለቃው የማይጠይቀውን ነው።

ባልድዊን እና ፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ስልጠና ወደ ሥራ እንዲሻገር የሚያደርጉትን ነገሮች በሦስት ከፍለዋል፦ የሰልጣኙ ሁኔታ፣ የስልጠናው አዘገጃጀትና የሥራ አካባቢው። እኛ ዘንድ በጀቱም ጭንቀቱም ለመካከለኛው ነው።

መፍትሄ፦ የቅርብ ኃላፊውን ከሠራተኞቹ ቀድመው ያሰልጥኑ። አሮጌው መዝገብ የሚዘጋበትን ቀን በደብዳቤ ያሳውቁ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግም በጽሑፍ ይቀመጥ፤ አለዚያ «ሲስተም የለም» የሚለው ምክንያት መዝገቡን ዕድሜ ልኩን ያኖረዋል።

ምልክት 2፦ በማግስቱ ያስታውሳል፤ በወሩ ጠፍቶበታል

ብዙውን ጊዜ ስልጠናው ቀድሞ መሣሪያው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሙከራ እንዳሳየው፣ ከተማርነው አብዛኛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው።

መፍትሄ፦ መሣሪያው ሳይገጠም አያሰልጥኑ። የስልጠናውን ወረቀት እንደገና ማደልም ብዙ አይጠቅም። ሮዲገር እና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሳምንት በኋላ የተሻለ ያስታወሱት ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ሳይሆኑ ያነበቡትን ከአእምሯቸው አውጥተው እንዲጽፉ የተደረጉት ናቸው። ስለዚህ ቡድን መሪው በየሳምንቱ አንድ እውነተኛ ፋይል አንሥቶ «ይህን ብታገኝ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ወረቀት ማየት ክልክል ነው።

ምልክት 3፦ ሁሉም «ግሩም ስልጠና ነበር» ይላል፤ የተለወጠ ነገር የለም

የግምገማ ቅጹ የሚሞላው በመጨረሻው ከሰዓት፣ የምስክር ወረቀት ከመታደሉ በፊት ነው። በዚያ ሰዓት «እጅግ በጣም ጥሩ» የማይል ማን አለ? አሜሪካዊው የስልጠና ምሁር ኪርክፓትሪክ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካስተዋወቃቸው አራት የግምገማ ደረጃዎች ይህ የመጀመሪያው፣ የሰልጣኙ ስሜት ብቻ ነው። መማሩ፣ በሥራ ላይ የታየው ለውጥና ውጤቱ ገና ይቀራሉ።

መፍትሄ፦ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ ከሚስተናገዱት ስንቱ በአዲሱ አሠራር እንዳለፈ ይቁጠሩ።

ምልክት 4፦ የሰለጠነው ሌላ፣ ሥራውን የሚሠራው ሌላ

ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ አበሉ በተራ እንዲዳረስ ነው።

መፍትሄ፦ ስልጠናውን እዚያው ቢሮ ውስጥ ይስጡ። አበል ከሌለ የስም ዝርዝሩ ራሱን ያስተካክላል።