ሐምራዊ የሆነው የቲማቲም ችግኜ እንዴት እንደዳነ

አዘዞ ጓሮዬ ያፈላሁት የቲማቲም ችግኝ አንድ ወር ሙሉ ከጣቴ አልበልጥ አለ። ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ሐምራዊ ሆኗል። የፎስፈረስ እጥረት ምልክት ነው።

ውኃ ጨመርኩ፣ ምንም። ፎስፈረስ ያለበትን ዳፕ ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ የአንዳንዶቹ ጫፍ ተቃጠለ።

ኋላ ነው የገባኝ። በሽታ እንዳይነካው ብዬ አፈሩን በብረት ምጣድ ቆልቼው ነበር፣ ቡና ይመስል! ለካ ጠቃሚውን ፈንገስም አብሬ ፈጅቼዋለሁ። ማይኮራይዛ ይሉታል። ከሥር ጋር ተቆራኝቶ፣ ከፀጉር የቀጠነ ክሩን ሥሩ ወደማይደርስበት ይዘረጋል። ፎስፈረስ ያመጣል፣ በምላሹ ከተክሉ ስኳር ይወስዳል። ክሩ አፈሩንም ያያይዛል።

የሠራልኝ ይኸው፦ አጥሬ ሥር ካለው ወይራ የረገፈውን ቅጠል ገለል አድርጌ፣ ቀጫጭን ሥር ያለበትን አፈር ዘገንኩ። ፀሐይ ላይ አላሰጣሁትም። ችግኙን ሳዛውር በየጉድጓዱ አንድ እፍኝ ጨመርኩ፤ ሥሩን መንካት አለበት። ዳፑን ተውኩት፤ ፎስፈረስ ሲበዛ ተክሉ ፈንገሱን አያስጠጋም።

በአራተኛው ሳምንት አዲሱ ቅጠል ለምለም ሆኖ ወጣ። የድሮዎቹ ሐምራዊ እንደሆኑ ረገፉ።

ለጎመን ግን አትልፉ። ጎመንና ሰናፍጭ ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጁም።