የማስተርስን አሸናፊ እንዴት ነው የምገምተው?

ሥራ ቦታ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ያለነው አትላንታ ነው፤ ማስተርስ የሚባለው ትልቁ የጎልፍ ውድድር በየዓመቱ የሚካሄድባት ኦገስታ ከዚህ በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ኤፕሪል ሲመጣ የጎልፍ ዱላ ጨብጦ የማያውቀው ሁሉ «ዘንድሮ ማስተርስን ማን ይወስዳል?» ማለት ይጀምራል። ገንዘብ አናስይዝም፤ ግምቱ የሰመረለት ቡና ይጋበዛል። ረቡዕ ማታ ቅድመ ዳሰሳውን የምጽፈው እኔ ነኝ። እንዴት እንደምሠራው የሚጠይቁኝ ስለበዙ እነሆ።

ከስም አትጀምሩ። አንድ ስም ልባችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ የምታነቡት ሁሉ ለዚያ ሰው የሚያደላ ይመስላችኋል። ከሜዳው ጀምሩ። የእግር ኳስ ሜዳ የትም ብትሄዱ ያው ነው፤ የጎልፍ ሜዳ ግን እያንዳንዱ የራሱ ጠባይ አለው። የማስተርስ ሜዳ በሆነው ኦገስታ ናሽናል ላይ የመጀመሪያው ምት የሚያርፍበት ሣር ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ወደ ጎን የሳተ ሰው ብዙ አይጎዳም። ጉዱ ያለው ግሪኑ ላይ፣ ማለትም ቀዳዳው ባለበት አጭር ሣር ላይ ነው። ተዳፋት ነው፣ እጅግም ፈጣን ነው። ኳሷ ከባንዲራው በላይ ካረፈች ቁልቁል መምታት ግድ ይሆናል፤ ቁልቁል የሄደች ኳስ ደግሞ ቀዳዳውን ከሳተች ማን ያቆማታል? ስለዚህ እዚህ የምፈልገው ሰው ከሩቅ ሆኖ በአይረን (በብረት ዱላ) ኳሷን ያሰበው ቦታ ላይ የሚያሳርፍ ነው።

12ኛውን ቀዳዳ እዩት። 155 ያርድ ነው፣ 142 ሜትር ገደማ። ከሜዳው ሁሉ አጭሩ እሱ ነው። ፊት ለፊቱ ሬይስ ክሪክ የሚባለው ጅረት አለ። ከዛፎቹ መሐል ነፋሱ ይዞራል፤ ተጫዋቾቹ አንዴ የ11ኛውን ባንዲራ፣ አንዴ የ12ኛውን ባንዲራ እያዩ፣ ሣር እየበተኑ ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጆርዳን ስፒዝ ዘጠኝ ቀዳዳ ሲቀረው በ5 ምት ይመራ ነበር (በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነው)። እዚያ ሁለት ኳስ ውሃ ውስጥ ከትቶ በ7 ምት ወጣ፤ ዋንጫውን ዳኒ ዊሌት ወሰደው። በ2019 ፍራንቼስኮ ሞሊናሪም ውሃ ውስጥ ከተተ። ታይገር ውድስ ግን ባንዲራውን ትቶ ወደ ግሪኑ መሐል መታ፣ በኋላም አሸነፈ። ሜዳውን ማወቅ ማለት ይህ ነው። ከ1979 ከፈዚ ዞለር ወዲህ በመጀመሪያ ተሳትፎው ማስተርስን ያሸነፈ የለም። ሉድቪግ ኦበርግ በ2024 መጀመሪያ መጥቶ 2ኛ ወጣ። ስለዚህ አዲስ ሰው ለአንደኛነት አልመርጥም፤ ከአስር ውስጥ ይገባል ለማለት ግን አልፈራም።

ቀጥሎ ቁጥር። ስትሮክስ ጌይንድ የሚባለው መለኪያ በፒጂኤ ቱር (ዋናው የአሜሪካ ፕሮፌሽናል የጎልፍ ውድድሮች ዙር) ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብሮዲ ያዳበረው ነው። ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ምት ከሌሎቹ አማካይ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንዳተረፈ ወይም እንደከሰረ ያሳያል። አራት ክፍል አለው፦ የመነሻ ምት፣ ወደ ግሪን የሚላከው ምት፣ ግሪኑ አካባቢ ያለው አጭር ምት እና ፓቲንግ፣ ማለትም ግሪኑ ላይ ኳሷን ወደ ቀዳዳው የማንከባለል ምት። እኔ በቅድሚያ የማየው ሁለተኛውን ነው። በዚህ ጎበዝ የሆነ ሰው ከሳምንት ሳምንት ጎበዝ ሆኖ ይቆያል። ፓቲንግ ግን ዛሬ ይገባል፣ ነገ ይከዳል። ባለፈው ሳምንት ሁሉም ፓት ስለገባለት ብቻ ያሸነፈ ሰው በዚህ ሳምንት ይደግመዋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ተቃራኒው ነው የሚያጓጓው። ስኮቲ ሼፍለር በ2023 ኳሷን ግሪን ላይ በማድረስ ከሁሉም በላይ ነበር፤ በፓቲንግ ግን ከ150ኛ በታች። ማርች 2024 ላይ ፓተሩን (የፓቲንግ ዱላውን) ቀየረ። ወዲያው ቤይ ሂል ላይ በተካሄደው ውድድር በ5 ምት ልዩነት አሸነፈ፣ በሳምንቱ ፕሌየርስ የተባለውን ውድድር አሸነፈ፣ ኤፕሪል ላይ ማስተርስን ወሰደ። አይረኑ እየሠራ ፓቱ እምቢ ያለውን ሰው ካገኛችሁ ስሙን ጻፉ፣ አትልቀቁት።

ወቅታዊ ብቃትንም አልንቅም። ሼፍለር በ2022፣ ጆን ራህም በ2023፣ ሮሪ ማክኢልሮይ በ2025 ማስተርስን ሲያሸንፉ በዚያው ዓመት ቀደም ብለው ሌላ ዋንጫ አንስተው ነበር። ሂዴኪ ማትሱያማ ግን በ2021 ያሸነፈው ለዓመታት ድል ሳያይ ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ ይህን እንደ ሕግ አትያዙት። ሊቭ ጎልፍ በሚባለው ተፎካካሪ ሊግ የሚጫወቱት በፒጂኤ ቱር ሠንጠረዥ ላይ ስለማይገኙ፣ እነሱን በአራቱ ሜጀሮች (ማስተርስን ጨምሮ በዓመቱ ታላላቅ ውድድሮች) ባሳዩት እመዝናለሁ። ከማስተርስ በፊት ረቡዕ የሚካሄደው ፓር 3 የተባለ አጭር ውድድር አሸናፊ በዚያው ሳምንት ማስተርስን ወስዶ አያውቅም ይላሉ። እውነት ነው፣ እኔ ግን ምንም ክብደት አልሰጠውም።

አሁን ስሞቹን አውጡ። ማስተርስ ላይ የሚሰለፉት መቶ አይሞሉም፤ ከነሱም ውስጥ አማተሮችና ዕድሜያቸው የገፋ የቀድሞ ሻምፒዮኖች አሉ። የምር የሚፎካከሩት አርባ ቢሆኑ ነው። ለእያንዳንዱ በመቶኛ ዕድል ስጡ፣ ድምሩ ከ100 አይለፍ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፤ ለሚወደው ተጫዋች 50 ይሰጣል። ሼፍለር በዚያ ገናና ዓመቱ፣ በ2024፣ ፒጂኤ ቱር ላይ ከ19 ውድድር ያሸነፈው 7 ነው። እሱ እንኳ ይህ ከሆነ ለሌላው 10 ከመቶ ብዙ ነው። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብም ምክንያታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ምክንያት ያጣችሁለትን ሰርዙት።

የመጨረሻው የአየር ሁኔታ ነው። ዝናብ ከመጣ ግሪኑ ይለሰልሳል፣ ኳሷ ባረፈችበት ትቆማለች፤ ያኔ ሩቅ ለሚመቱት ዕድሉን ከፍ አድርጉ። በኮቪድ ምክንያት ወደ ኖቬምበር በተዛወረው የ2020 ማስተርስ ሜዳው ለስላሳ ሆኖ ዳስቲን ጆንሰን በ268 ምት የውድድሩን ክብረ ወሰን ሰበረ። ጁላይ ላይ ወደ ብሪታንያው ሜጀር፣ ወደ ዘ ኦፕን ስትሄዱ ደግሞ ከሁሉም በፊት የሚታየው ነፋስ ነው። ሐሙስ ጠዋት የሚጀምረው ዓርብ ከሰዓት ይጫወታል፤ ሐሙስ ከሰዓት የሚጀምረው ዓርብ ጠዋት። አንደኛው ቡድን ረጋ ባለ አየር ሲጫወት ሌላኛው ማዕበል ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ የመነሻ ሰዓቱ ዝርዝር ሳይወጣ የኦፕን ግምት አልልክም። ስንት ጊዜ «ምነው ዘገየህ?» ቢሉኝም አልልክም።