ዊኪው ላይ ማን ምን ያያል? በስክሪፕት ፈትሹት

ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ መጋዘን ዊኪ እይዛለሁ፤ ሠራተኞች በብሮውዘር የሚያነቡትና የሚያርሙት የገጾች ስብስብ ማለት ነው። የሚሠራው ዶኩዊኪ በሚባል ፕሮግራም ነው። አንድ ቀን እቃ መዝጋቢያችን ስልኩን ይዞ መጣና «ይቺ የኔ ደመወዝ አይደለችም፣ ተሳስታችኋል» አለኝ። ክው አልኩ። ስልኩ ላይ የከፈተው የደመወዝ ገጽ ለሱ ጭራሽ መታየት አልነበረበትም።

እኔ እኮ ገጹን በየጊዜው አየዋለሁ። ግን የማየው በአስተዳዳሪ አካውንቴ ነው፣ ዶኩዊኪ ደግሞ ዋናውን አስተዳዳሪ የትም አያስቆመውም። በራሳችሁ አካውንት ገብታችሁ «ተዘግቷል» ማለት ዋጋ የለውም።

ጥፋቱ የፈቃድ ፋይሉ ውስጥ ተገኘ። እያንዳንዱ መስመር ገጽ፣ ቡድንና ቁጥር ይይዛል፦ 0 ምንም፣ 1 ማንበብ፣ 2 ማረም፣ 4 አዲስ ገጽ መፍጠር፣ 8 ፋይል መጫን፣ 16 መሰረዝ። የደመወዝ ክፍሉን በሙሉ ለሁሉም ሰው 0 አድርገነዋል። ግን ድሮ አንዱ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ለዚያች አንድ ገጽ፣ ለተመዘገበ ሁሉ፣ 1 ሰጥቶ ረስቷታል። ዶኩዊኪ ደግሞ በገጹ ስም የተጻፈ መስመር ካገኘ የክፍሉን መስመር ዞር ብሎም አያየው። ፋይሉ ሲረዝም ይህን በዓይን መያዝ ከባድ ነው።

ስለዚህ ፋይሉን የሚያነብ ሳይሆን እንደ ሰው በር የሚያንኳኳ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ጻፉ። የኔ እንደ ቡና ሦስት ዙር አለው፦ አቦሉን ሳይገባ እንደ እንግዳ፣ ቶናውን እንደ ተራ ሠራተኛ፣ በረካውን እንደ ሒሳብ ክፍል። ለኋለኞቹ ሁለቱ የሙከራ አካውንት ክፈቱ። የሰው አካውንት አትዋሱ።

ቀጥሎ ሰንጠረዥ፦ ገጽ፣ አካውንት፣ መታየት አለበት ወይስ የለበትም። የገጾቹን ስም በእጅ አትልቀሙ። ዶኩዊኪ ዳታቤዝ የለውም፣ እያንዳንዱ ገጽ ዳታ ፎልደር ውስጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ስክሪፕቱ ፎልደሩን ይዞርና ሰንጠረዡ ላይ የሌለ ገጽ ካገኘ ይጩህ። አዲስ ገጽ ነው ሁልጊዜ የሚረሳው።

የፓይዘን ቋንቋና ድረ ገጽ የሚጠራለት ሪኩዌስትስ የሚባል ተጨማሪው ይበቃሉ። ለእያንዳንዱ አካውንት የራሱን ሴሽን (መግባቱን የሚያስታውስ ግንኙነት) ክፈቱ፣ ግቡ፣ ገጾቹን በየተራ ጥሩ፣ በመሀል አንድ ሰከንድ አሳርፉት። ከሰርቨሩ 403 (ተከልክሏል) ወይም 200 (ተሳክቷል) መጣ ብላችሁ ብቻ አትፍረዱ። «እባክዎ ይግቡ» የሚል ፎርም በ200 ሊመጣ ይችላል። እኔ ሚስጥራዊ ገጾች ግርጌ ላይ «ጦሳ7391» ዓይነት ምልክት እጽፋለሁ፣ ስክሪፕቱ የመጣው ጽሑፍ ውስጥ እሷን ይፈልጋል። ካገኛት ገጹ ተከፍቷል፣ ሌላ ወሬ የለም።

አንድ ወጥመድ አለ፣ እኔም ገብቼበታለሁ። የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ መግባት ካልቻለ ሁሉም ገጽ ዝግ ይመስልና ስክሪፕቱ «ሁሉ ሰላም» ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አካውንት የግድ መከፈት ያለበት አንድ ገጽ ስጡት። እሱ ካልተከፈተ ውጤቱን በሙሉ ጣሉት።

ማረምን ስትፈትሹ በእውነተኛ ገጽ ላይ ምንም አታስቀምጡ። የማረሚያ ገጹን ጥሩና የማስቀመጫ ቁልፉ መኖሩን ብቻ እዩ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ግን የጓሮው በር ነው። የገጹን የጽሑፍ ፋይል በዳታ ፎልደሩ አድራሻ በቀጥታ ጥሩት። የዌብ ሰርቨራችሁ አፓቼ ከሆነ ዶኩዊኪ ይዞት የሚመጣው ኤችቲአክሰስ የሚባል የእገዳ ፋይል ይከለክልላችኋል፣ ሌላው ሰርቨር ኤንጂንኤክስ ግን ያንን ፋይል ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እገዳውን ራሳችሁ ካልጻፋችሁ ጽሑፉ እንዳለ ይወርዳል። ሚዲያዊኪ የሚባለውን ሌላ የዊኪ ፕሮግራም ለምትጠቀሙ ደግሞ የተጫኑ ምስሎች በተለመደው አሠራር በቀጥታ ከሰርቨሩ ነው የሚወጡት፣ ገጹን መዝጋት ምስሉን አይዘጋም። እንዲያውም ሚዲያዊኪ ገጽ በገጽ ንባብን ለመከልከል ታስቦ አልተሠራም፣ ራሳቸው ሠሪዎቹ ይሄን ይላሉ። ደመወዝ እዚያ አታስቀምጡ።

ስክሪፕቱን በክሮን (ፕሮግራም በቀጠሮ ሰዓት በሚያስነሣው) ሌሊት አስነሡት፣ የሚጽፈው ከሰንጠረዡ የተለየውን ብቻ ይሁን። መብራት ጠፍቶ ያልሮጠበትም ሌሊት እንዲታወቅ የጨረሰበትን ሰዓት መጨረሻ ላይ ያስፍር። የኔ መጀመሪያ ቀን የጻፈው አንድ መስመር ነበር፦ «ደመወዝ፣ ተራ ሠራተኛ፣ ዝግ መሆን ሲገባው ክፍት»። ያቺን የተረሳች መስመር ከፈቃድ ፋይሉ ሰረዝኳት።

የልጁ ደመወዝ ግን እውነትም ተሳስቶ ነበር፣ ተስተካከለለት።