የራሽናል ፈንክሽን ማክሲመም፣ ሚኒመምና ኮንካቪቲ፦ ስሌቱ የሚበላሸው የት ነው?

ሐዋሳ ውስጥ 12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ሳስጠና የማያቸው ስህተቶች በብዛት የሚነሱት ከዲኖሚኔተሩ (ከክፍልፋዩ ታችኛው ክፍል) ነው። ፖሊኖሚያል ላይ የተለመደው አሠራር እንዳለ ወደ ራሽናል ፈንክሽን (ፖሊኖሚያል ለፖሊኖሚያል ሲካፈል) ይመጣል፤ ዲኖሚኔተሩን ዜሮ የሚያደርገውን ቁጥር ግን የሚያስታውሰው የለም።

«ማክሲመሙ ከሚኒመሙ አነሰብኝ»

ኤክስ²/(ኤክስ − 1)ን እንውሰድ። ዴሪቬቲቩ (ግራፉ መውጣት መውረዱን በምልክቱ የሚነግረን) ኤክስ(ኤክስ − 2)/(ኤክስ − 1)² ነው። 0 ላይ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ ይዞራል፤ ሎካል ማክሲመም አለ፣ ዋጋው 0። 2 ላይ ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ይዞራል፤ ሎካል ሚኒመም አለ፣ ዋጋው 4። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ ይደነግጥና ትክክለኛውን መልስ ይሰርዛል። ልክ የሠራውን ሲያጠፋ ማየት ያሳዝነኛል።

ሎካል ማክሲመም የሚወዳደረው ከጎረቤቶቹ ጋር ብቻ ነው። የኤርታሌ አናት ከባሕር ጠለል በላይ 613 ሜትር ነው፤ በዙሪያው ካለው ምድር ግን ይበልጣል። ሐይቃችን ደግሞ በዙሪያው ካለው መሬት ዝቅ ብሎ ተኝቷል፤ ከፍታው ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። በፈንክሽናችን 1 ላይ ቨርቲካል አሲምፕቶት (ግራፉ የሚጠጋው ግን የማይነካው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር) ስላለ ግራፉ ለሁለት ተቆርጧል፦ በግራ በኩል ወደ ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ ይወርዳል፣ በቀኝ በኩል ከፖዘቲቭ ኢንፊኒቲ ይመጣል። ስለዚህ አብሶሉት ማክሲመምም አብሶሉት ሚኒመምም የለውም።

ከመሰረዛችሁ በፊት ግራና ቀኙን በቁጥር ፈትሹ። −1 ላይ −1/2፣ 0 ላይ 0፣ 1/2 ላይ −1/2 ይወጣል፤ 0 ከሁለቱም ይበልጣል። ፍተሻው ተቃራኒውን ካሳያችሁ ኮሼንት ሩሉን (የክፍልፋይ ዴሪቬቲቭ ማውጫ ሕጉን) ስትጽፉ ተቀናሹን አስቀድማችሁ ይሆናል፤ መቅደም ያለበት ዲኖሚኔተሩ በኑመሬተሩ (በላይኛው ክፍል) ዴሪቬቲቭ የተባዛው ነው።

«ኮንካቪቲው ተቀየረ፣ ኢንፍሌክሽን ፖይንት ግን አይደለም ተባልኩ»

የዚያው ፈንክሽን ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ 2/(ኤክስ − 1)³ ነው። ከ1 በታች ኮንኬቭ ዳውን (እንደተደፋ ሳህን)፣ ከ1 በላይ ኮንኬቭ አፕ (እንደተቀመጠ ሳህን)። ምልክቱ በእርግጥ ተቀይሯል፤ ነገር ግን ኢንፍሌክሽን ፖይንት ኮንካቪቲው የሚቀየርበት የግራፉ ነጥብ ነው፤ 1 ደግሞ ዶሜኑ (ፈንክሽኑ የሚቀበላቸው ቁጥሮች) ውስጥ ስለሌለ እዚያ ግራፉ ላይ ነጥብ የለም። ተቃራኒው ስህተትም አለ፦ ሁለተኛውን ዴሪቬቲቭ ከዜሮ ጋር አስተካክሎ መልስ ሲያጣ «ኮንካቪቲው አይቀየርም» ብሎ መዝጋት። ሁለቱንም የሚያድነው አንድ ልማድ ነው፤ ዲኖሚኔተሩን ዜሮ የሚያደርገውን ቁጥር ሳይን ቻርቱ (የምልክት ሰንጠረዡ) ላይ በባዶ ክብ አስቀምጡት፣ መልሱ ውስጥ ግን አታስገቡት።

«ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ገጽ ሞላብኝ»

የኤክስ/(ኤክስ² + 1) ዴሪቬቲቭ (1 − ኤክስ²)/(ኤክስ² + 1)² ነው። ቀጥሎ ቅንፉን የሚዘረዝር ሰው ዲግሪ 8 ውስጥ ይሰምጣል። አትዘርዝሩት፤ ኑመሬተሩ ውስጥ የጋራ የሆነውን ኤክስ² + 1 አውጥታችሁ ከታች ካለው ጋር አጣፉት። የሚቀረው 2ኤክስ(ኤክስ² − 3)/(ኤክስ² + 1)³ ነው። ዲኖሚኔተሩ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ስለሆነ የላዩን ምልክት ብቻ ተከታተሉ፤ ኢንፍሌክሽን ፖይንቶቹ −√3፣ 0 እና √3 ላይ ናቸው። ጥያቄው ማክሲመምና ሚኒመም ብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛውን ዴሪቬቲቭ ባትነኩት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ምልክት ይበቃል።

«ሁለት መልስ ወጣ»

100 ካሬ ሜትር የሆነ ሬክታንግል ጓሮ በትንሹ አጥር ይታጠር ሲባል፣ አንዱን ጎን ኤክስ ካልነው የአጥሩ ርዝመት 2ኤክስ + 200/ኤክስ ይሆናል። ዴሪቬቲቩ 2 − 200/ኤክስ² ስለሆነ 10 እና −10 ይወጣሉ። የጎን ርዝመት ኔጌቲቭ አይሆንም፤ ዶሜኑ ኤክስ ከ0 የሚበልጥበት ብቻ ነው፣ ይህም ከስሌቱ በፊት መጻፍ አለበት። እዚያ ውስጥ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ 400/ኤክስ³ ምንጊዜም ፖዘቲቭ ነው፤ ግራፉ በሙሉ ኮንኬቭ አፕ ስለሆነ 10 አብሶሉት ሚኒመሙን ይሰጣል፣ አጥሩም 40 ሜትር ነው።