አቧራ ሲመጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሐረጎ ላይ ታችኛው ሜዳ ፍንትው ብሎ ይታያል። አንዳንድ ቀን ግን የለም። በጋ ላይ እንዲህ ባለ ጠዋት ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት “አብሽር ልጄ፣ ጭጋግ ነው፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይገፈፋል” አሉኝ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ አልተገፈፈም። ማታ ግቢ ስገባ የተሰጣው ነጠላ ሻይ የፈሰሰበት መስሎ ጠበቀኝ።

አንደኛው ስህተት ይኸው ነው፤ አቧራን ጭጋግ ማለት። ጭጋግ ያረጥባል፣ ረፋድ ላይ ይሄዳል። አቧራ ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ እኩለ ቀን ላይም ፀሐይን ጨረቃ ያስመስላታል።

ሁለተኛው “ንፋስ የለም፣ ከየት መጣ?” የሚለው ነው። ኃይለኛ ንፋስ የሚያስፈልገው አቧራው በተነሳበት ቦታ ነው። አንዴ ከፍ ካለ የላይኛው አየር ይሸከመዋል። ከቀናት በኋላ ቅጠል በማይነቃነቅበት ሰፈር ሊረግፍ ይችላል።

አሸዋና አቧራን አንድ ማድረግም አለ። ይሄን አውድማ ላይ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በመንሽ ወደ ላይ ሲበተን ፍሬው እግር ስር ይወድቃል፣ ገለባው ራቅ ይላል፣ እብቁ ጎረቤት ማሳ ይደርሳል። ንፋስም ምድረ በዳን እንዲሁ ያበጥራል። አሸዋው እየዘለለ ይሄዳል እንጂ ብዙ ከፍ አይልም። ሲወድቅ ግን መሬቱን እየመታ ደቃቁን ያስነሳል። ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ የሚያንሰው ብናኝ ነው አገር የሚያቋርጠው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 የሰሃራ አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ ካሪቢያንና የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ድረስ ሄዷል።

ታዲያ የኛም የሰሃራ ነዋ! እዚህ ላይ ቀስ እንበል። በዓለም ታላቁ የአቧራ ምንጭ ሰሜን ቻድ ውስጥ ያለው ቦዴሌ ነው። ቦታው የአሸዋ ክምር ብቻ አይደለም፤ የደረቀ ጥንታዊ ሐይቅ ወለል ነው። ንፋሱ በቲቤስቲና በኤኔዲ ተራሮች መካከል ተጨምቆ ሲወጣ ይፈጥናል፣ ደቃቁን ደለል ያነሳል። ግን አቅጣጫው ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው። እኛ በምሥራቅ ነን! ለወሎ የሚቀርቡት የአፋር ቆላ፣ የሱዳን ሜዳዎችና ከቀይ ባሕር ማዶ ያለው የዐረብ ምድር ናቸው። ንፋሱ ከባቲ በኩል ከነፈሰ መጀመሪያ የምጠረጥረው አፋርን ነው። እዚያም ቢሆን አቧራ የሚወልደው ጎርፍ ደለል ጥሎ የሄደበት መሬት ነው። ሱዳን ውስጥ ቶካር ላይ የባርካ ወንዝ ደለል ያመጣል፤ በኛ ክረምት ያ ደለል በንፋስ ወደ ቀይ ባሕር ይወጣል። ውሃ ያመጣውን ንፋስ ይወስዳል፣ በቃ።

ቆቦ ላይ ቀትር የሚሽከረከረውን አውሎ እያዩ “ሀቡብ መጣ” የሚሉም አሉ። አውሎው ከሞቀ መሬት ተነስቶ በደቂቃዎች ይበተናል። የሱዳን ሀቡብ ግን ከነጎድጓድ ደመና ቁልቁል የወረደ ቀዝቃዛ አየር የሚገፋው ግድግዳ ነው።

የመጨረሻው የቤት ነው። አቧራው ካረፈ በኋላ ደረቁን መጥረግ ከወለል አንስቶ ወደ ሳንባ ማስገባት ነው። መጀመሪያ ውሃ ረጨት አድርጉ፣ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ነጠላውን ማስጣቱንም ለነገ አሳድሩት።