ኦሮምኛን በአማርኛ በሚያስተምር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል ውስጥ እንዴት ማስገባት ይቻላል

ባቲም ሆነ ኮምቦልቻ ዙሪያ ያለ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ከመፈለጉ በፊት ደቂቃ ይቁጠር። አብዛኛው ድልድል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሦስት ሦስት ምድብ ካለ 12 ምድብ ይሆናል። ለእያንዳንዱ በሳምንት ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ይስጡ። ይህ 36 አጭር ትምህርት፣ ማለትም 18 ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው፤ አንድ መምህር ይሸፍነዋል። በሳምንት አንዴ 60 ደቂቃ መስጠት ለድልድል ይቀላል፣ ግን ልጅ ከሳምንት ሳምንት የሰማውን ይረሳል። አይመከርም።

አሁን ጎረቤት የሆኑ ሁለት ምድቦችን ያጣምሩ። የቋንቋው መምህር በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ያስተምራል፤ የክፍሉ ኃላፊ መምህር በቀረው 20 ደቂቃ ንባብ ወይም የእጅ ጽሕፈት ያሠራል። ክፍሎቹ ተራርቀው ከሆነ በመሄጃ ብቻ አምስት ደቂቃ ይጠፋል። ደቂቃውን ሁልጊዜ ከስፖርት አይውሰዱ፤ በየሳምንቱ ከተለያየ ትምህርት ይዋጣ።

ባቲ ሰኞ ገበያ ስለሆነ ቀሪ ይበዛል፤ ሰኞን ለዝግጅትና ለማካካሻ ይተዉት። ስድስቱ ጥንዶች እንዲህ ይደልደሉ፦ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ በየቀኑ አምስት ጥንድ ይማራል፣ አንድ ያርፋል። በሦስቱ ቀናት ያረፉት ሦስት ጥንዶች ዓርብ ጠዋት፣ ከጁምዓ ሶላት በፊት ይገባሉ። ሁሉም ሦስት ሦስት ጊዜ አገኙ ማለት ነው። በፈረቃ የሚሠራ ትምህርት ቤት ይህንን ድልድል ለየፈረቃው ለብቻ ያውጣ፤ መምህሩ አንድ ቢሆን ሁለቱን ፈረቃ አይችልም።

ቀጥሎ ፊደል። ኦሮምኛ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል በመሆኑ ልጆቹ ከእንግሊዝኛ ጋር ያምታቱታል፦ ሲ የምትባለው ፊደል በቁቤ «ጭ»፣ ኤክስ ደግሞ «ጥ» ተብላ ነው የምትነበበው። ስለዚህ 1ኛና 2ኛ ክፍል በጆሮና በአፍ ብቻ ይማሩ፤ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ የዕቃ ስም፣ የገበያ ንግግር። ጽሕፈቱ 3ኛ ክፍል ላይ ይምጣ። አናባቢን ማርዘምና ማሳጠርም ከመጀመሪያው ቀን በጆሮ ይለመድ፤ «ለፈ» መሬት ነው፣ አናባቢው ሲረዝም «ላፋ» ለስላሳ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ይህን ልዩነት ካልሰማ በኋላ ሲጽፍ ድርብ አናባቢውን ይዘላል።

ቤታቸው ኦሮምኛ የሚነገርባቸው ልጆች በክፍሉ ውስጥ አይጠፉም። አስተርጓሚ አያድርጓቸው፣ ትምህርታቸው ይባክናል። ከማይችለው ልጅ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጋግሯቸው፣ ለእነሱም ረዘም ያለ ተረት እንዲተርኩ ዕድል ይስጧቸው።

ድልድሉን ከመለጠፍዎ በፊት መምህሩን ይዘው አንድ ቀን ሙሉ፣ በደወሉ እየተመሩ፣ ከክፍል ክፍል ይራመዱበት።